የሜዳው ኃላፊ

ጎረቤቴ ልጁን ሊድር ነውና ሰሞኑን ግቢውን እያሳመረ ነው። ትናንት ጠዋት አጥሩ ጥግ በርሜል አቁሞ ኖራ ሲበጠብጥ ነፋሱ ሽታውን ወደ እኔ በረንዳ አመጣው። ያ ውሃ የነካው ኖራ ሽታ፣ ከአፍንጫ አልፎ ጉሮሮ የሚከረክረው፣ ለሌላው ሰው የሠርግ ወይም የአዲስ ቤት ሽታ ይሆናል፤ ለእኔ ግን የቅዳሜ ማለዳ ሽታ ነው። የቆርቆሮ ጣሳ ታችውን በምስማር በሳስቼ፣ ኖራ ሞልቼ፣ ገመድ ወጥሬ፣ ውርጭ ባነጣው ሣር ላይ ጎንበስ ብዬ ነጭ መስመር የማሰምርበት የቅዳሜ ማለዳ። ኖራ ያለቀ ጊዜ አመድ ከየቤቱ እንለምን ነበር። ባለቤቴ ቁርስ ይዛ ስትመጣ ፈዝዤ አገኘችኝና "ምነው?" አለችኝ። "ሜዳው ትዝ ብሎኝ ነው" አልኳት። ሌላ አልጠየቀችኝም። ዕድሜዋን ሙሉ ከእኔ ጋር ስለኖረች የሜዳው ወሬ አንዴ ከተነሳ ምሳ ሰዓት ድረስ እንደማያልቅ ታውቃለች።

ወደዚህች ከተማ ስመጣ ጢሜ ገና ያላቀመቀመ ወጣት ነበርኩ። ስሟን መጥራት አያስፈልግም፤ በመንዝ ደጋ ላይ፣ አንድ እግራቸውን ገብስ ማሳ ውስጥ ሌላውን ገደል ጫፍ ላይ ካሳረፉት ትናንሽ ከተሞች አንዷ ናት። ከታች ሰፋ የሚል ሱሪና ነጭ ሸራ ጫማ አድርጌ ከጭነት መኪና ላይ ስወርድ ነፋሱ ሱሪዬን እንደ ባንዲራ ያውለበልበው ጀመር። መነኻሪያው ጥግ የበግ ጠጉር ባናቸውን ተከናንበው ፀሐይ ከሚሞቁት ሽማግሌዎች አንዱ፣ "ይኼ ልጅ ክረምት ሳይገባ ይሸሻል" አሉ፤ ሰምቻቸዋለሁ። አልሸሸሁም። ከመነኻሪያው ወደ ትምህርት ቤቱ የሚወስደው ዳገት መጀመሪያ ላይ የእትዬ አስካለ ሻይ ቤት ነበረች። ሻይ በአሥር ሳንቲም፣ ፓስቲ ደግሞ ከዚያም ባነሰ። ስሙኒ ኪሱ ያለችው ሰው አንዲት ብርጭቆ አቅፎ ግማሽ ቀን ሬዲዮ ይሰማል፤ የሬዲዮው ባትሪ ሲደክም ዘፋኙ የታመመ ይመስል ድምፁ እየሰለለ ይሄዳል፤ እትዬ አስካለም ባትሪዎቹን አውጥተው ፀሐይ ላይ ያሰጧቸዋል። እዚያች ቤት ውስጥ ነው የከተማውን ሰው ያወቅኩት፣ ሚስቴንም ያየኋት። ዛሬ በቦታዋ ላይ ባለ ፎቅ ቤት ቆሟል፤ ከታች ባንክ፣ ከላይ ባዶ።

በዚያ ሁሉ ዳገትና ቁልቁለት መካከል ለጥ ያለ መሬት ቢኖር የትምህርት ቤቱ ሜዳ ብቻ ነበር። ከእኔ በፊት የከተማው ሰው በደቦ ቆፍሮ ያደላደለው ነው። ዲሬክተራችን በመጀመሪያው ሳምንት የዕቃ ግምጃ ቤቱን ቁልፍና አንድ ፊሽካ ሰጡኝና፣ "ስፖርት አስተማሪው አንተ ነህ፤ ስለዚህ የሜዳው ኃላፊም አንተ ነህ። ማን መቼ እንደሚጫወትበት ፕሮግራም አውጣ፤ ሜዳውንም ተንከባከብ" አሉኝ። ደስ አለኝ። በዚያ ዕድሜ ኃላፊ መባል እንደ አዲስ ኮት ነው፤ ልክህ ይሁን አይሁን ሳታይ ትለብሰዋለህ።

ፕሮግራም አውጪው እኔ፣ ፕሮግራም አፍራሹ ከተማው ሆነ። ለአንደኛ ደረጃ ልጆች የሰጠሁትን ሰዓት ትልልቆቹ ይቀሟቸዋል። ለሴቶቹ መረብ ኳስ የመደብኩላቸውን ከሰዓት በኋላ የመምህራን ቡድን "እኛ እኮ ሥራ ውለን ነው የምንመጣው" ብሎ ይወስደዋል። ቅዳሜ ገበያተኛው አህያውን የሚያስረው እዚያ ነው። የገና ሰሞን ጎልማሶቹ ዱላና ሩራቸውን ይዘው ሲመጡ ማን ይመልሳቸዋል? ያኔ ደግሞ ስብሰባ የሌለበት ሳምንት አልነበረም፤ ስብሰባ ሲባል መድረኩ የሚተከለው ልክ እኔ ሣር ባበቀልኩበት መሃል ላይ ነው። አንድ ቅዳሜ አህዮቹን ላስወጣ ብዬ ከአንድ ገበሬ ጋር ስጨቃጨቅ፣ ሰውዬው ከእግሬ እስከ ራሴ አይቶ፣ "አባቴ ይህን መሬት ሲደለድል አንተ የት ነበርክ?" አለኝ። አህያውን ራሱ አንድ ጥግ ወስዶ አሰረልኝ፤ ያም ፈርቶኝ ሳይሆን አዝኖልኝ ነው።

በዚያ ዘመን ከተማውን ሁሉ አንድ የሚያደርግ ነገር ቢኖር ደርበው ነበር። ደርበው ከዘመሮ ማዶ ካለ የገብስ አገር ለትምህርት የመጣ፣ ከአገሩ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ እናቱ በሚልኩለት በሶና ቆሎ የሚኖር ተማሪ ነው። ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ መዳፉ እንደ አካፋ የሰፋ። የቡድናችን በረኛ ነው። ጓንት የሚባል ነገር በከተማው ስላልነበረ በየእጁ የበግ ጠጉር ቆብ አጥልቆ ነበር የሚቆመው። ሰው መጀመሪያ ይስቅበታል፤ ከዚያ ኳስ ሲይዝ ያያል። ኳሷ እነዚያ ቆቦች ውስጥ ስትገባ ድምፅ አታሰማም፤ ተመታች፣ በረረች፣ ከዚያ ጠፋች። ሴቶቹ ስሙን በዘፈን ያነሱት ነበር፤ "ቆበኛው፣ ቆበኛው" እያሉ እያጨበጨቡ። እሱ ግን ዓይን አፋር ስለነበር በተዘፈነለት ቁጥር ቆቦቹን አውልቆ ኪሱ ይከታል፤ ኳስ ስትመጣ ደግሞ በባዶ እጁ ይይዛታል።

የጎላችን ቋሚዎች ባሕር ዛፍ ነበሩ። አንድ ዓመት ክረምቱ ከብዶ፣ ሜዳው ረግረግ ሆኖ ከረመና መስከረም ሲጠባ የላይኛውን ጎል በእጄ ገፋ ባደርገው እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተነቃነቀ። ሥሩን በዶማ ከፈትኩት። እንጨቱ በስብሶ በጣት ይፈረፈራል። ከላይ ሲያዩት ነጭ የተቀባ፣ ቀጥ ያለ ቋሚ ነው፤ ከመሬት በታች ግን ምንም የለም። ወደ ዲሬክተሩ ሄድኩ። "በጀት የለንም፤ ሜዳውን ያስደለደለው ማዘጋጃ ቤት ነውና እነሱን ጠይቅ" አሉኝ። ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። "ሜዳው የትምህርት ቤት ነው፤ እኛ የምናውቀው ስብሰባ ሲኖር ብቻ ነው" አሉኝ። በአካባቢያችን ያን የሚያህል ረጅም ግንድ ያለው ከከተማው በላይ ባለው የሕዝብ ደን ውስጥ ነው፤ ከዚያ ሁለት ግንድ ብቻ እንዲፈቀድልኝ ቀበሌውን ጠየቅኩ። "ያለ ማዘጋጃ ቤት ፈቃድ የቆረጠ ይታሰራል" አሉኝ። ማዘጋጃ ቤት ተመልሼ ብሄድ ፈቃድ የሚሰጡት ሰው ለስብሰባ ደብረ ብርሃን ወርደዋል። ይህን ሁሉ ስመላለስ ያረጀው ሸራ ጫማዬ ነው። በመጨረሻ ቋሚዎቹን በድንጋይ አስደግፌ፣ በገመድ አጥሬ፣ "ሜዳው ዝግ ነው" ብዬ ለተማሪው ሁሉ ነገርኩ። ደርበውና ጓደኞቹ ጥቂት አጉረመረሙ፤ ግን እሺ አሉ።

ያንኑ ሰሞን አንድ በዓል ነበር፤ የምን በዓል እንደነበር ዛሬ ያን ያህል ዋጋ የለውም። ለበዓሉ የዓለም ከተማ ቡድን እንዲመጣ ተጠርቶ ኖሯል፤ እኔ የሰማሁት በዋዜማው ነው። ዲሬክተሩ ቢሮ በሩጫ ገባሁ።

"ጌታዬ፣ እዚያ ጎል ሥር ልጅ ላቆም አልችልም።"

"አንተ ስትነካው ነው እንዴ የሚነቃነቀው? ስንት ዓመት ቆሟል።"

"ሥሩን አይተውታል?"

"ሥሩን ማን ያየዋል!" አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ለዘብ አለ። "ስማኝ በቀለ፣ እንግዶቹ ከዓለም ከተማ ተነስተዋል። ከላይ ታዘናል። እኔስ ማን ነኝና ነው የምሰርዘው?"

"እንግዲያው ጎሉን ልንቀለውና በድንጋይ ጎል ይጫወቱ።"

"በእንግዳ ፊት? በድንጋይ? ኧረ አታዋርደን።"

ክፉ ሰው አልነበሩም። በማግስቱ ማለዳ ዶማዬን ይዤ ጎሉን ልነቅል ሄድኩ። ዘበኛችን ቀድመውኝ እዚያ ቆመዋል። ዶማዬን ቀስ አድርገው ከእጄ ወሰዱና፣ "ጋሼ በቀለ፣ ታዝዤ ነው። እንጀራዬን አይንኩብኝ" አሉኝ። ገመዱ ተፈትቶ ተጠቅልሎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። መስመሩም በሌላ ሰው ተሠምሯል፤ ጠማማ ነበር።

እንግዶቹ በጭነት መኪና እየዘፈኑ ገቡ። ቀይ ማሊያ፣ ነጭ ቁምጣ፤ የእኛዎቹ ከየቤታቸው ያመጡትን ሰማያዊ ነገር ሁሉ ለብሰዋል። ከተማው አንድ ሰው ሳይቀር ወጥቷል፤ እትዬ አስካለ እንኳ ሻይ ቤታቸውን ዘግተው ፓስቲያቸውን በሰፌድ ይዘው መጥተዋል። ደርበውን ለብቻው ጠራሁት።

"ዛሬ አትግባ" አልኩት። "ታምሜአለሁ በል።"

ቆቦቹን እያጠለቀ ጎሉን ዞር ብሎ አየው። ሥሩን ስቆፍር አጠገቤ ስለነበር ያውቃል።

"ጋሼ፣ እኔ ካልገባሁ እኮ ሌላ ልጅ ነው የሚገባው" አለኝ።

ከላይኛው ጎል ኋላ ሄጄ ቆምኩ፤ ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ።

እስከ ዕረፍት ድረስ የቆመው በታችኛው ጎል ነበር፤ ያ ደህና ነው። ከዕረፍት በኋላ ወደ እኔ መጣ። ነፋሱም በረታ። የዓለም ከተማው አጥቂ ከሩቅ የመታት ኳስ ነፋስ ይዟት ከፍ ብላ ስትመጣ ደርበው ዘሎ በጣቱ ጫፍ ወደ ውጭ አወጣት። ሲወርድ ክንዱ አግዳሚውን ነካ አደረገው፤ መንካት ብቻ ነው። ሰው ሁሉ ተነስቶ ይጮህ ነበርና እንጨቱ ሲገነጠል ድምፁን የሰማሁት እኔ ብቻ ነኝ። ቋሚው ከሥሩ ተሰብሮ ተጋደመ፤ አግዳሚው ተከትሎት ወረደ። ደርበው ገና ከመሬት አልተነሳም ነበር። ግንዱ ዳሌው ላይ አረፈ። ጮኸሃል ይሉኛል፤ እኔ አላስታውስም። የማስታውሰው አንደኛው ቆብ ከእጁ ወልቆ ነፋስ ሲያንከባልለው ነው፤ ሰው ሁሉ ወደ ደርበው ሲሮጥ ቆቡ ብቻውን ወደ ሌላ በኩል ይሄድ ነበር።

በቃሬዛ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድነው። ድሬሰሩ ሱሪውን በመቀስ ቀዶ አየና አንገቱን ነቀነቀ፤ "ይህ የእኔ አይደለም፤ ወደ ትልቅ ሆስፒታል ውሰዱት" አለ። የዓለም ከተማ ልጆች የመጡበትን መኪና ለቀው ፍራሽ አነጠፉለት፤ እነሱ ያን ሌሊት በእግዚአብሔር እንግድነት በየቤቱ አደሩ። አብሬው ልሳፈር ስል "አንተ የሜዳው ኃላፊ ነህ፤ ትፈለጋለህ" ብለው ዲሬክተሩ አስቀሩኝ።

በእርግጥም ተፈለግኩ። በሳምንቱ ውስጥ አጣሪ ተሰየመ። የመምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ከትምህርት ቤት፣ ከማዘጋጃ ቤት፣ ከቀበሌ የተውጣጡ ሰዎች ተቀመጡ። ሰብሳቢው ጉሮሮአቸውን ጠርገው፣ "የሜዳው ኃላፊ ማን ነው?" አሉ። ዲሬክተሩ ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። ከማዘጋጃ ቤት የመጡት ሰው ኮታቸው ላይ የሌለ አቧራ ያራግፉ ጀመር። ከቀበሌው የመጣው ሰው ወደ መስኮቱ ዞረ። እኔ ተነስቼ ቆምኩ። ደጅ የጠናሁባቸው ሰዎች ሁሉ እዚያው ነበሩ፤ የሄድኩትን፣ የለመንኩትን፣ የዘጋሁትን አንድ በአንድ ተናገርኩ። ማንም ውሸት ነው አላለም። ግን ማንም አዎ አላለም። ማስጠንቀቂያ ተሰጠኝ፤ የሜዳው ኃላፊነቴም "በበለጠ ትጋት" እንድቀጥልበት ተወሰነ። ከዚያ ሰብሳቢው፣ "ሜዳው በአስቸኳይ ይዘጋ" አሉ። ወሩ ሳያልቅ ከዚያው ከሕዝብ ደን፣ ቀጥ ያሉ፣ ገና ቅርፊታቸው ያልደረቀ ባሕር ዛፎች ተቆርጠው መጡ። የፈቀደው ሰው ማን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

የደርበው እናት ወይዘሮ በላይነሽ ወደ ሆስፒታል ለመሄድ አውቶቡስ ሲጠብቁ እትዬ አስካለ ቤት አገኘኋቸው። በርኖስ ለብሰው፣ የበሶ አቁማዳ ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። ገብቼ እጅ ነሳሁ፤ መቀመጥ ግን አቃተኝ።

"የሜዳው ኃላፊ እርስዎ ነዎት?" አሉኝ።

"አዎ እናቴ።"

"ልጆቹ ነገሩኝ። ከልክለውት ነበር አሉ።"

"ከልክዬ ነበር። አልቻልኩም።"

አተኩረው አዩኝ፤ ገና ልጅ መሆኔን ያኔ ነው ያዩት መሰለኝ፣ "እርስዎ" ማለታቸውን ተዉ።

"እኛ አገር የጋራ ሣራችንን፣ ጓሳውን፣ የሚጠብቅ አለቃ አለ" አሉ። "ሣሩ ሳይደርስ ያጨደ፣ ከብቱን የሰደደ ሰው ዘመዱም ቢሆን ይቀጣዋል። ሀብታሙም ይፈራዋል፤ ለዚህ ነው ጓሳችን የኖረው። አንተን ማን ነበር የሚፈራህ ልጄ?"

"ማንም።"

"ምን ሰጥተውህ ነበር?"

"ፊሽካ" አልኳቸው።

አልሳቁም። አቁማዳቸውን ፈተው በእጃቸው ሙሉ በሶ ዘገኑና፣ "እንካ፣ ከስተሃል" አሉኝ። ቢረግሙኝ ይሻለኝ ነበር። ለልጃቸው የያዙትን ስንቅ በሁለት እጄ ተቀብዬ ቆምኩ። አውቶቡሱ መጣ፤ ጓዛቸውን እንኳ ላግዛቸው አልቻልኩም፣ እጄ ሙሉ ነበር።

ደርበው በዓመቱ ተመለሰ። ዳሌው እንደ ነገሩ ገጥሟል፤ በምርኩዝ ነው የሚሄደው። ትምህርቱን እንዲቀጥል ብለምነው እሺ አላለኝም፤ ዳገቱን በቀን ሁለት ጊዜ መውጣት አልቻለም። ሆስፒታል ሳለ አጠገቡ ተኝቶ የነበረ ሰው ሬዲዮ መፈታታት አስተምሮት ኖሮ፣ መነኻሪያው ጥግ አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ከፈተ። ቀስ በቀስ ሬዲዮ መጠገኛው ካሴት ቤት ሆነ። እነዚያ ዓመታት! ገበያ ቀን ከዚያች ሱቅ የሚወጣው ዘፈን እስከ በግ ተራው ይሰማል። ባዶ ካሴት የያዘ ሰው የሚፈልጋቸውን ዘፈኖች መርጦ ያስቀዳል፤ ለፍቅረኛው የሚልክ፣ ወታደር ለእናቱ ድምፁን የሚቀዳ፣ ከገጠር የመጣ ሽማግሌ የራሱን ሽለላ ቀድቶ መልሶ ሲሰማ "ይኼ ደግሞ የማን ድምፅ ነው?" የሚል። እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ ሳጥን ላይ ቁጭ ብዬ አመሻለሁ። ደርበው ስለዚያ ቀን አንስቶብኝ አያውቅም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ ካሴት በእርሳስ እያጠነጠነ፣ "ጋሼ፣ ያቺ ኳስ ግን ጎል ነበረች፤ አውጥቻታለሁ" አለኝ። "አውጥተሃታል" አልኩት። ዛሬ ካሴቱ የለም፤ የሞባይል ስክሪን ይቀይራል። ጠጉሩ ከእኔ ቀድሞ ሸብቷል። እኔም ጡረታ ከወጣሁ ሰንብቻለሁ፤ ሳጥኑ ግን ፕላስቲክ ወንበር ከመሆኑ በቀር የምቀመጥበት ቦታ ያው ነው።

የዛሬ ጥቂት ወር እዚያው ተቀምጠን ሳለን አንዲት ወጣት ስልኳን ለማስጠገን መጣች። ስክሪኑ ተሰንጥቋል። "ምን አግኝቶት ነው?" ደርበው ቢላት፣ "ሜዳ ላይ ስጨቃጨቅ ወደቀብኝ" አለች። ደርበውና እኔ ተያየን። ሕይወት ትባላለች፤ አዲሷ የስፖርት መምህርት ናት። ማን መሆኔን ስትሰማ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

"ጋሼ በቀለ፣ እስቲ ይንገሩኝ" አለች። "ሜዳው ላይ የሚያዘው ማን ነው?"

አሁን ያንን ሜዳ ሦስት ትምህርት ቤቶች ይጋሩታል። ልጆቹ ስለበዙ ከጥቂት ዓመታት በፊት ወደ ገደሉ በኩል አስፍተውት፣ በዚያ በኩል ረጅም የድጋፍ ግንብ ተሠርቶለታል። ፕሮግራሙን የምታወጣው እሷ ናት፤ በቴሌግራም ለሁሉም ትልካለች፣ ሁሉም አውራ ጣቱን ቀስሮ ይመልስላታል፣ ከዚያ ሁሉም የፈለገበት ሰዓት ይመጣል። እሱን ለምጄዋለሁ አለች። አሁን ያስፈራት ግን ግንቡ ነው። ካለፈው ክረምት ወዲህ ወደ ውጭ ሆዱ ተነፍቷል፤ ከላይ ደግሞ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ልጆቹ እላዩ ላይ ተደርድረው ነው ጨዋታ የሚያዩት። ርዕሰ መምህሯን ነግራለች፣ ወጣትና ስፖርት ጽሕፈት ቤትን ነግራለች፣ ማዘጋጃ ቤትን ነግራለች። "እርስዎ የአገር ሽማግሌ ነዎት፤ ምናልባት ይሰሙዎት ይሆናል። አብረውኝ ይምጡ" አለችኝ። ኮቴን ለብሼ፣ ከዘራዬን ይዤ ተከተልኳት። ደርበው ስልኳን ለጊዜው መለሰላት፤ ስንወጣ ምርኩዙን ሲያነሳና መልሶ ሲያስቀምጥ አየሁት።

የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ የድሮ ተማሪዬ ሆኖ ተገኘ። ከወንበሩ ብድግ ብሎ ጉልበቴን ሊስም ሲል ያዝኩት። ውሃ አስመጣልን። ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቀኝ። ሕይወት ግንቡን በስልኳ ያነሳችበትን ፎቶ በተሰነጠቀው ስክሪን አሳየችው፤ ከስንጥቆቹ የትኛው የግንቡ የትኛው የስልኩ እንደሆነ ለመለየት አስቸገረ።

"ቲቸር፣ እውነቱን ልንገርዎት" አለ ኃላፊው። "ሜዳው የትምህርት ቤት ይሁን የከተማው ገና አልተወሰነም፤ በጥናት ላይ ነው። ግንቡን የሠራው ተቋራጭ ደግሞ ከአካባቢው ወጥቷል። ትንሽ ጊዜው ይረጋጋ።"

"ግንቡ ጊዜው እስኪረጋጋ ይጠብቃል?" አልኩት።

"አይጠብቅም" አለ። ዓይኑን ሰበረ። "ግን እኔ ምን ላድርግ?"

"እሁድ የከተማው ዋንጫ አለ" አለች ሕይወት። "ቢያንስ እሱን ይሰርዙልኝ። እኔ ዝግ ነው ብያለሁ።"

"እሱማ እንዴት ይሆናል? እንግዶች ተጠርተዋል" አላት።

ስንወጣ ከዘራዬን ረስቼ ነበር፤ ራሱ ሮጦ አመጣልኝ። ዳገቱ አናት ላይ ስንደርስ ሕይወት ቆመችና፣ "ታዲያ ምን ላድርግ ጋሼ?" አለች። ዕድሜዬን ሙሉ አስተማሪ ነበርኩ። የስፖርት መምህር ደግሞ ለሁሉ ነገር ትእዛዝ አለው፤ ቁም፣ ሩጥ፣ ዝለል፣ ተቀመጥ። አንዱም አልመጣልኝም። "አላውቅም ልጄ" አልኳት። አንድ ጊዜ ተነፈሰችና፣ ቢያንስ እውነቱን ስለነገርኳት የምታመሰግነኝ ይመስል፣ "እሺ" አለች።

እሁድ ከተማው እንደ ጥንቱ ወጣ። ማሊያው ዛሬ እውነተኛ ማሊያ ነው፤ የውጭ ተጫዋች ስም ጀርባው ላይ የተጻፈበት። ድምፅ ማጉያው ከዳር እዳር ይጮኻል። ሰው ግንቡ ላይ ጥቅጥቅ ብሎ እግሩን ወደ ገደሉ አንጠልጥሎ ተቀምጧል፤ ፀሐይ የሚያገኘው ያ በኩል ነውና። ሕይወት ከሌላኛው ጫፍ ጀምራ ሰዉን ታስነሳለች፤ ድምፅዋ በማጉያው ተውጦ አፏ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው የሚታየው። እኔ በዚህ ጫፍ ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄድኩ ከኋላዬ የምርኩዝ ኮቴ ሰማሁ። ደርበው ነው። ጎሉ ከወደቀበት ቀን ወዲህ ሜዳው ውስጥ እግሩን አስገብቶ አያውቅም ነበር። ዳገቱ ላብ አጥምቆታል።

"ለምን መጣህ?" አልኩት።

"ሱቁ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ" አለ።

"ልጆች፣ ተነሱ፤ ግንቡ ተሰንጥቋል" እያልን በዳሩ ሄድን። መንዝ ሽማግሌ ያከብራል። "እሺ አባባ፣ እሺ ጋሼ" እያሉ ይነሳሉ፤ አንዳንዱ ኮፍያውን አውልቆ ያሳልፈናል፤ አንዲት ልጅ ደርበው እንዳይወድቅ ክንዱን ደገፍ አደረገችው። መሃል ላይ ስንደርስ ከሕይወት ጋር ተገናኘን። እሷ ከእኔ ትከሻ በላይ ወደ ኋላችን ታያለች። ዞር አልኩ። ያስነሳናቸው ሁሉ እኛ ካለፍን በኋላ አንድ በአንድ ተመልሰው፣ ልብሳቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ ቦታቸው ላይ ተቀምጠዋል። እሷም ያስነሳቻቸው እንዲሁ።

ሜዳው ውስጥ ጎል ገባ መሰለኝ፤ ሰዉ ሁሉ ግንቡ ላይ ብድግ ብሎ ዘለለ። ደርበው ዓይኑን ጨፈነ። እኔ ከእግሬ ሥር ያለውን ድንጋይ አዳምጥ ነበር። ሰዉ ሲቀመጥ፣ ጩኸቱም በረድ ሲል፣ ሕይወት ወደመጣችበት ዞረች። እኛም ወደመጣንበት ዞርን።

"ልጆች፣ ተነሱ" አልን።

"እሺ አባባ" አሉን፤ ተነሱ፤ አሳለፉን።